የመሐሉ ቅዳጅ

ጥቅምት 9 ቀን

ጠዋት የወጣ፦ ሦስት ጥቅል ሸራ፣ ሁሉም ለመጠለያ። ለጭነት መኪና መሸፈኛ የጠየቀ የለም። ገመድ ጥቂት። ተመላሽ አንድ፣ ጠርዙ የተተረተረ። ተኩስ፦ ከወንዙ በኩል ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም።

ማስታወሻ ስጽፍ ከሽያጭ ነው የምጀምረው። ሸራ የሚገዛውን ሰው ያየ የአገሩን ሁኔታ ከሬዲዮ ቀድሞ ያውቃል። ሾፌሮች ለመኪና ሲገዙ ሰላም ነው። እናቶች በክንድ እየለኩ ሲገዙ ሰላም አይደለም። ዘንድሮ በክንድ ነው የምሸጠው። ገበያው ጥሩ ነው፤ መናገሩ ነው የሚያሳፍረው።

ሱቄ ያለው ሁለት መንግሥታት «የኔ ነው» በሚባባሉበት መንገድ ላይ ነው። በዚህኛው ጠርዝ ያለነው «እኛ» ነን፣ በዚያኛው ያሉት «እነሱ»። ፊት ለፊቴ ያለው ፀጉር አስተካካይ «እነሱ» ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሱቄን የብረት በር አብሮኝ የሚያነሳው ግን እሱ ነው። ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍል አለን። በአንዱ እኔ እተኛለሁ፣ በሌላው እማማ። እማማ እናቴ ናቸው፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ወልደውኛል፣ እዚያችው ክፍል ውስጥ መሞት ይፈልጋሉ። ከዚህ ሌላ ከማንም ምንም ጠይቀው አያውቁም።

ዛሬ የሸምጋዮቹ ነጭ መኪና ከአክስቴ ልጅ ደብዳቤ አመጣልኝ። ስልክ ከተቆረጠ ወዲህ ወረቀት የሚያመላልስልን እሱ ብቻ ነው። ልጁ እናቱ ስትሞትበት እኛ ቤት ያደገ ነው። ተምሮ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ አሁን ባሕር ማዶ በሚካሄደው ድርድር የእኛ ልዑካን አባል ነው። ሰፈሩ ግን ዛሬም በልጅነት ስሙ «ዳኛው» ነው የሚለው። የሱን ደብዳቤዎች እዚህ እለጥፋለሁ፤ የራሴን ከመላኬ በፊት እገለብጣለሁ። ቅጂ ሳላስቀር ምንም ነገር ከእጄ አይወጣም።

———

መስከረም 27 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ የክፍሌም መስኮት ባሕር ያያል። ቤታችሁን ተኩስ ሳይሆን ገበያ ያንኳኳው፣ አሜን።

ድርድሩ ምን እንደሚመስል ጠይቀሽኝ ነበር። ሁለቱ ልዑካን አንድ ክፍል ውስጥ አንቀመጥም። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እነሱ አራተኛ ፎቅ። በመሐል ሸምጋዩ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አሳንሰር አለ፤ እሳቸው ግን በደረጃ ነው የሚሄዱት። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ስድቡ ደረጃው ላይ ይንጠባጠብልኛል፤ ፎቅ ስደርስ የሚቀረኝ ቁምነገሩ ብቻ ነው» አሉኝ።

ብልህ ሰው ናቸው። መሬቱን በመጀመሪያው ሳምንት አላነሱትም። «የውሃው ፓምፕ ይጠገን፣ ለጠጋኞቹ ተኩስ ይቁም» ብለው ጀመሩ። ሁለታችንም እሺ አልን። ቀጥሎ የቆሰሉ ሰዎች ይለዋወጡ አሉ። እሱንም እሺ አልን። እንዲህ እንዲህ እያልን እሺ ማለት ለመድን። ካርታው ሲዘረጋ ግን ሁሉም ሰው ድንጋይ ይሆናል። «እስከዚህ ድረስ» ብሎ ቀድሞ የተናገረ አገሩ ሲገባ ከሃዲ ነው የሚባለው።

እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ሁለት ገዢዎች በአንድ ጥቅል ሲጣሉብሽ ምን ታደርጊያለሽ? የገበያውንም ወሬ ጻፊልኝ። እዚህ የሚደርሰን ወሬ ሁሉ ማኅተም ያለበት ነው፤ ምንም አይነግረንም።

አክባሪ ወንድምሽ

———

ጥቅምት 10 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤና ላንተ ይሁን፣ ጤና ለሄድክበት ጉዳይ። እማማ ስምህ ሲነሳ ከአልጋ ቀና ይላሉ፤ ጉልበታቸው ግን አብሮ ቀና አይልም። ምርቃታቸው ይኸውልህ፦ «አፍህ ከወርቅ ይልቅ ይከበር።»

ለጥያቄህ መልሱ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ጥቅል ተካፍለው ሲገዙ መሐሉን ማንም ቢያሰምረው ሌላኛው «ወደኔ ገባህ» ይላል። ባለፈው ሁለት አማቾች እዚሁ ባንኮኒዬ ላይ ሊደባደቡ ነበር። ስለዚህ መሐሉን አልቆርጥም። ከወዲህም ከወዲያም እተውና ሁለት ጊዜ እቆርጣለሁ። መሐል ላይ ቀጭን ቅዳጅ ይቀራል። ለዚህም አይሆን፣ ለዚያም አይሆን። ሁለቱም ቅዳጁን ያዩና «ያም አልወሰደው» ብለው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ። ሰው የራሱ መጉደሉ አይደለም የሚያናድደው፣ የጎረቤቱ መሙላቱ ነው።

ቅዳጁን ምን ታደርጊዋለሽ ካልክ፣ ከባንኮኒው ሥር ሳጥን ውስጥ እወረውረዋለሁ። ለመወልወያ ይሆናል።

ደግሞ አንተን ማን ያስተምርሃል! ልጆች በብይ ሲጣሉ ሮጠህ የምታስታርቅ አንተ አልነበርክ? ካሳውን ግን ሁልጊዜ ከኔ ኪስ ነበር የምታወጣው፣ «እትዬ ብዙ አላት» እያልክ። ያቺን ሰማያዊዋን ብይ ሳትመልስልኝ አምባሳደር እንዳትሆን።

ገበያው፦ ሸራ ይሄዳል፣ ገመድ ቆሟል። ፀጉር አስተካካዩ ሰላም ብሎሃል፤ «ለልዑካኑ ንገሪልኝ፣ የሁለቱንም ወገን ጢም በአንድ ምላጭ እላጫለሁ፣ እስካሁን ማንም አልሞተም» ይላል።

እትዬ

———

ኅዳር 6 ቀን

ለምወድሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓሮው ይድረስ። ደስታ ነው የምጽፍልሽ!

ያንን የቅዳጅ ነገር ለልዑካን መሪያችን አጫወትኳቸው። ሳቁ። በማግስቱ ራሳቸው ያሰቡት አስመስለው ለሸምጋዩ ነገሯቸው። ሽማግሌው ደረጃውን ወጡ። ሲመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስድብ አልነበረም፣ ጥያቄ ነበር፦ «ስፋቱ ምን ያህል ይሆናል?» እትዬ፣ ስፋት የጠየቀ ሰው ዋጋ የጠየቀ ሰው ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።

«የማንም ያልሆነ ቀጠና» ተብሎ ስም ወጥቶለታል። ሁለቱም ጦር ከዚያ ይወጣል፤ የሚቆሙበት ታዛቢዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱም መንግሥት ለሕዝቡ «አንድ ክንድ አልሰጠንም» ይላል፣ ሁለቱም እውነቱን ነው። እዚህ የምንሠራው ሥራ ግማሹ ይኸው ነው፤ ሰዎቹ አገራቸው ሲገቡ የሚናገሩትን ቀድሞ ማዘጋጀት።

አሁን ከኔ የሚፈለገው ዝርዝር ነው። ካርታዎቹ ያረጁ ናቸው፣ ሰፈሩን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከወፍጮ ቤቱ እስከ መቃብሩ ድረስ ማን ይኖራል? ማን ከማን ይዛመዳል? የትኛው ቤት ሰው አለው፣ የትኛው ባዶ ነው? ፈጥነሽ ጻፊልኝ።

ለእማማ የጉልበት ቅባት ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ ይሹበት።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ያሰብከው ይሙላልህ። ቅባቱ ደርሷል፤ እማማ ሽታውን ወደዱት፣ «የልጄ ሽታ ነው» ይላሉ። አንተ እንዲህ ሸተህ አታውቅም፤ ግን ዝም አልኩ።

የጠየቅኸኝን እነሆ። ላይኛው ወፍጮ ቤት እንደምታውቀው ባለቤቱ ዘመደ ብዙ ነው፣ ወንድሙ ደግሞ አሁን ትከሻው ላይ ኮከብ አለው። እዚያ የሚነካ ሰው እኛኑ ከእኛ ጋር ያዋጋል። ታችኛው መቃብር የእነሱ ነው፤ ባለፈው አንድ የመቃብር ድንጋይ በጥይት ሲሰነጠቅ ሳምንት ሙሉ ተተኮሰብን። በመሐል ያለው መንገዳችን ነው። በእኛ በኩል ያሉት ሱቆች ሲመሽ ይዘጋሉ፣ ባለቤቶቹ ሌላ ሰፈር ያድራሉ። ሰው የሚኖርበት የእኛ ቤት ብቻ ነው። ማዶ ደግሞ የፀጉር አስተካካዩ። ከሁሉም ጋር ሰላም ነን፣ ከማንም ጋር ዘመድ አይደለንም።

ያወቅሁትን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ቅዳጁ የት ነው የሚያልፈው? እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

እትዬ

———

ታኅሣሥ 22 ቀን

ጠዋት የወጣ፦ አምስት የመኪና መሸፈኛ። ለመጠለያ አንድም። ገመድ አለቀ። ተኩስ የለም፤ ወሩ ከጀመረ ወዲህ አልሰማሁም።

ደብዳቤም የለም። ነጩ መኪና ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሄደ።

ትናንት ማታ የእኛ ሬዲዮ ድል ማድረጋችንን ተናገረ። ጠዋት በሩን ስናነሳ ለፀጉር አስተካካዩ ነገርኩት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «የእኛም ማታ አሸንፈናል አለ። በዘፈን አጅቦ።»

«እንግዲያ እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፣ ጎረቤት። ሁላችንም ካሸነፍን ዕዳውን ማን ሊከፍል ነው?»

ደንበኛ መጣ፣ ሸራ ልለካለት ገባሁ።

———

ጥር 5 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለእማማ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፣ ይቅር በይኝ።

የእማማ ጉልበት አሳስቦኛል። ከተማ ወስደሽ ጥሩ ሐኪም ብታሳያቸው ምን ይመስልሻል? ሕክምናው ጊዜ ስለሚፈልግ ሰፋ ያለ ቤት ብትከራዩ ይሻላል። ኪራዩን እኔ እልካለሁ። አልጋቸውን፣ ሳጥናቸውን፣ የሚወዷቸውን ዕቃዎች ሁሉ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋቸውም። ከወሩ መጨረሻ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሊጨናነቅ ይችላል።

ስለ ሌላው ጉዳይ ገና የተቆረጠ ነገር የለም።

ወንድምሽ

———

ጥር 16 ቀን

ጠዋት የወጣ የለም። ሱቁን የከፈትኩት አርፍጄ ነው።

ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ለጉልበት ሐኪም የሚሄድ ሰው ሳጥኑን ይዞ አይሄድም። እንዲህ እያሰብኩ ሳለ ካርታ የያዙ መሐንዲሶች መጡ። አንዱ ሳያስፈቅድ ግድግዳዬ ላይ በቀይ ቀለም አሰመረ።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ምልክት ነው፣ እናቴ።»

«እሱማ ዓይን አለኝ። የምን ምልክት?»

«የቀጠናው ነው። በሚመጣው ወር ይለቀቃል።»

«ማን ነው የሚለቀው?»

«ውስጥ ያለ ሰው።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። የሱም ግድግዳ ተቀብቷል። «ወንድሜ» አለው መሐንዲሱን፣ «የኔን ቀጠን አድርግልኝ፣ ደንበኛ ደም ይመስለዋል።» ማንም አልሳቀም። እሱም ራሱ።

የመሐንዲሶቹ አለቃ ካርታውን ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ ከቤቱ ጋር ያስተያያል። ትሑት ሰው ነው፤ ሸራዬን እንዳይነካ በጥንቃቄ ነው የዘረጋው። ጓሮ ዞሮ ተመለሰና፣ «እዚህ ካርታ ላይ በጓሮ በኩል በር አለ። የታለ?» አለኝ።

«በር የለንም።»

«ይኸው ተስሏል። ይህን የሳለው ሰው ሰፈሩን እንደ መዳፉ ነው የሚያውቀው፤ ሌላው ሁሉ ልክ ነው።»

የጓሮው በር የተደፈነው ዳኛው ለትምህርት ከሄደ በኋላ ነው። እዚያ በር እንደነበረ የምናውቅ በሕይወት ያለን ሦስት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ። አንዷ እማማ ናቸው።

———

ጥር 17 ቀን

ለዳኛው፣

የጓሮው በር ተደፍኗል። ካርታህን አስተካክል።

እትዬ

———

ጥር 29 ቀን

እትዬ፣

በምን አፌ ሰላም ልበልሽ?

እኔ ነኝ የሳልኩት። ልንገርሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

ቅዳጁን ሁሉም ወደደው፤ የት ይለፍ ሲባል ግን ሦስት ሳምንት ቆምን። ወደ ላይ ሲገፋ ወፍጮ ቤቱ፣ የእኛ መሪ እንቢ አሉ። ወደ ታች ሲገፋ መቃብሩ፣ እነሱ ሻንጣቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ወንዙ ዳር ተኩስ ጀምሮ ነበር፤ ስንት ልጅ እንደወደቀ አልጽፍልሽም። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መውጣትም መውረድም አቅቷቸዋል። «ልጄ» አሉኝ፣ «አንዱ የራሱን ካልሰጠ ይህ ነገር አለቀለት።»

የሰው ቤት መስጠት አቃተኝ። የእኛን ሰጠሁ።

በዚያው ሌሊት ተኩሱ ቆመ። ይኸው እስከዛሬ ቆሟል። ታኅሣሥ ውስጥ ልጽፍልሽ ደጋግሜ ጀመርኩ፤ የሐኪሙን ሰበብ መጻፍ የተሻለ መስሎ ታየኝ። ካሳ እንዲከፈላችሁ አስጽፌያለሁ፣ አንቀጹ አለ። ለእማማ ነግረሻቸዋል? ስለ እኔ ምን አሉ? ሌላውን ሁሉ ተይው፣ ይህን ብቻ መልሽልኝ።

ወንድምሽ፣ ያን መባል ካልከለከልሽኝ

———

የካቲት 6 ቀን

ለወንድሜ፣

ደህና ነን።

ሥራህን አልነቅፍም። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። አንድ መንገድ ሰጥተህ ወንዙን ዝም አሰኝተሃል፤ እኔም በቦታህ ብሆን እዚያው ነበር የምቆርጠው። ሸምጋዩም ጎበዝ ናቸው። እናቶች ሸራ በክንድ መግዛት ትተዋል፤ ይህን የሚያህል ምስክር የለም።

ግን «የእኛን ሰጠሁ» ብለሃል። ደብዳቤህ ውስጥ ያልገባኝ ይህ ብቻ ነው። አንተ ያለህበት ክፍል መስኮቱ ባሕር ያያል ብለኸኝ ነበር። ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። አልጋው ያለው እማማ ሥር ነው። ወፍጮ ቤቱ ጮኸ፣ መቃብሩ ጮኸ፣ እኛ ደግሞ «ከሁሉም ጋር ሰላም ነን» ብዬ በእጄ ጻፍኩልህ። ብትጠይቀኝ ኖሮ ምናልባት እሺ እል ነበር። አሁን እሱን መቼም ማወቅ አንችልም፣ አንተም እኔም።

ለእማማ አልነገርኳቸውም። «መንግሥት ነው» አልኳቸው። ዕቃ ስናወጣ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ጦርነቱ ቆመ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ያስኮርፍሻል?» አሉኝ። መኪናው ላይ ደግፌ ሳወጣቸው አንድ ጊዜ ብቻ ዞረው አዩ። ከዚያ አንተን መረቁህ። «ልጄ እዚያ ባይኖር ኖሮ ከዚህም ይብስ ነበር» ነው ያሉት። አሜን አልኩ።

ከኔ ኪስ የሚወጣልህ የመጨረሻው ነገር ይኸው ዝምታዬ ነው። ኪራይ አትላክ። ሰማያዊዋንም ብይ ተዋት።

እትዬ

———

የካቲት 21 ቀን

ጠዋት የወጣ፦ ሰባት የመኪና መሸፈኛ፣ ገመድ ሁለት ጥቅል። አዲሱ ሱቅ ጠባብ ነው፣ ብርሃን የለውም፣ ሰው ግን አግኝቶታል። የካሳው አንቀጽ «በቀጣዩ ስብሰባ ይታያል» ተብሏል። ተኩስ የለም።

እማማ ማታ ማታ ግድግዳውን ይዳስሳሉ። መብራት ማብሪያውን በድሮው ቦታ ነው የሚፈልጉት። ቅባቱ አልቋል፤ ሌላ አልጠየቁም።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ እነሱ ከተማ ገብቷል። በሄደበት ቀን መስተዋቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መንገዱ መሐል ቆመና፣ «በቃ፣ ጎረቤት፣ አገር ለአገር ሆንን» አለኝ። «ጢምህን ማን ይላጭልሃል ብለሽ አታስቢ፣ አሳድገዋለሁ።» የብረት በሬን ለመጨረሻ ጊዜ አብረን አወረድነው።

ከሰዓት በፊት ከታዛቢዎቹ ቢሮ ሰው መጣ። ለጥበቃ ኬላቸው ትልቅ ድንኳን ይፈልጋሉ፤ ወፍራም ሸራ፣ ድርብ ስፌት፣ ዝናብ የማያስገባ። በአካባቢው ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። «የት ነው የሚተከለው?» አልኩት። ካርታውን አወጣ፤ ያንኑ ካርታ። ቤቶቹ ፈርሰው ሜዳ ሆነዋል፤ ከመሐል ደልዳላው ቦታ ተመርጧል። በእርሳስ ክብ አድርገውበታል። የጓሮው በራችን አሁንም ክቡ ውስጥ ተስሏል፣ ማንም አላስተካከለውም።

ዋጋ ነገርኩት። ተስማማን። ለማንም ከምለው አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም።

ነገ፦ በጠዋት ከታዛቢዎቹ ቢሮ የይለፍ ወረቀት መቀበል፤ ያለ እሱ ወደዚያ አይገባም። ሜትር፣ ኖራ፣ አራት ችንካር መያዝ። ወለሉን ለክቶ መመለስ።